የሚለበሰው እግር መሬት ሲረግጥ

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ መርሐ ግብር ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው “ሃያ ደቂቃ አለሽ፣ ስላይድ ግን አታብዢ” ብሎኛል። እኔም ስላይዱን ጭራሽ ትቼዋለሁ። የማወራችሁ የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ስለምታህል ጊዜ ነው፤ እግር መሬት ስለሚነካባት ጊዜ።

ለማታውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። ከዚህ ግቢ ወጥቼ ጥቂት ዓመት በጠቅላላ ሐኪምነት ከሠራሁ በኋላ አሜሪካ ሄጄ በአካል ማገገሚያ ሕክምና ስፔሻላይዝ አደረግሁ። አብዛኛው ሥራዬ ህብለ ሰረሰራቸው ከተጎዳ ሰዎች ጋር ነው። ኦርቶፔዲክስ ዋርድ ያለፋችሁ ሁሉ እነዚህን ታካሚዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የወደቀው የቀን ሠራተኛ፣ የመኪና አደጋ የደረሰባት ነጋዴ፣ የአከርካሪ ቲቢ ሁለት እግሩን የያዘበት ወጣት። በእኛ ጊዜ ራውንድ ላይ ስለ አልጋ ቁስል እናወራለን፣ ስለ ካቴተር እናወራለን፣ ዘመድ ካለው ስለ ዊልቸር እናወራለን። ስለ መራመድ የሚያነሳ አልነበረም። ታካሚው ግን የሚጠይቀው እሱኑ ነበር፦ “ዶክተር፣ እሄዳለሁ ወይ?”

ዛሬ ለዚህ ጥያቄ በከፊልም ቢሆን “አዎ” የሚል ማሽን አለ። ኤክሶስኬሌተን ይሉታል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ከሰውነት ውጭ ያለ አጽም ማለት ነው፣ እንደ አንበጣና እንደ ጉንዳን። ከወገብ እስከ እግር ጫማ በማሰሪያ ይታሰራል፤ ዳሌና ጉልበት ላይ ሞተር አለው፤ ባትሪና ኮምፒውተሩን ከወገብ ወይም ከጀርባ ይሸከማል። ታካሚው ክራንች ይዞ ክብደቱን ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ማሽኑ ሌላውን እግር አንስቶ ወደፊት ያራምድለታል። ከታወቁት አንዱ ሪዎክ የሚባለው ነው። የፈጠረው እስራኤላዊው መሐንዲስ አሚት ጎፈር ነው፤ እሱም ራሱ በ1997 በደረሰበት አደጋ ሽባ የሆነ ሰው ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2014 ይኸው ማሽን በቤት ውስጥ ጭምር እንዲሠራበት ፈቀደ። ኤክሶና ኢንዴጎ የሚባሉትም ተከትለው መጡ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ማሽኑን እንደ ድጋፍ መሣሪያ ቆጥሮ ይከፍልበታል፤ በ2024 የቆረጠለት ዋጋ ወደ 91 ሺህ ዶላር ነበር። በዚህ ገንዘብ ስንት ዊልቸር እንደሚገዛ አሁን አታስሉብኝ፤ እኔም አስልቼዋለሁ።

ቪዲዮውን ያላያችሁ አትኖሩም። በ2012 ክሌር ሎማስ የምትባል እንግሊዛዊት ይህንኑ ማሽን ለብሳ የለንደንን ማራቶን ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ እየተራመደች ጨርሳለች። በ2014 የብራዚል የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ላይም እግሮቹ የማይታዘዙለት ወጣት በሮቦት ታግዞ ኳስ መትቷል። ሰው ያጨበጭባል፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ካሜራው ግን ሁልጊዜ ፊትን ነው የሚያሳየው። ከዚህ ሥራ ጋር ከተዋወቅሁ ወዲህ የእኔ ዓይን ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ወደ ተረከዙ።

እስቲ መጀመሪያ ጤነኛ እግር ምን እንደሚያደርግ እናስታውስ፤ ፊዚዮሎጂ መምህሮቻችን እዚህ ስላሉ እየፈራሁ ነው የምናገረው። ስንራመድ መሬትን እንገፋለን፣ መሬትም መልሳ ትገፋናለች። በእርጋታ በምንራመድበት ጊዜ መሬት የምትመልሰው ትልቁ ኃይል ከክብደታችን በአንድ አምስተኛ ያህል ቢበልጥ ነው፤ ስንሮጥ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ትልቁ ኃይል አይደለም። ተረከዝ መሬት በነካ በመጀመሪያዎቹ 10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ብቅ ብላ የምትጠፋ አንዲት ሹል ምት አለች። መጠኗ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ የምትመጣው ግን በድንገት ነው።

ይህቺን ምት ሰውነታችን በሦስት ነገር ያለዝባታል። ተረከዝ ሥር ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የስብ ትራስ አለ። ቀጥሎ የቅልጥም ፊት ጡንቻ የእግርን መዳፍ እንደ ገመድ ይዞ ቀስ እያለ መሬት ላይ ያወርደዋል፤ ይህ ጡንቻ ሲደክም እግሩ “ጧ!” ብሎ እንደሚያርፍ በነርቭ ምርመራ ላይ ሰምታችኋል። ከዚያ ጉልበት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ጎንበስ ይላል፣ የጭን ፊት ጡንቻም እንደ ፍሬን እየያዘ ክብደቱን ይቀበላል። ልብ በሉ፤ ምቷ በ20 ሚሊ ሰከንድ አልቃለች፣ ፈጣኑ ሪፍሌክስ እንኳን ከዚያ በኋላ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ሰውነት ምቷ መጥታ አይደለም የሚመልሳት። ቀድሞ ያውቃታል፤ ጡንቻዎቹ እግሩ ገና አየር ላይ እያለ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ደረጃው ያለቀ መስሎን አንድ ሲቀር የሚደርስብን ድንጋጤ ይህ ዝግጅት ሲጎድል የሚሆነው ነው፤ ጥርሳችን ድረስ ይሰማናል።

ህብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ሰው ከሦስቱ የቀረለት የስብ ትራሱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ አጥንቱ እንደ ድሮው አይደለም። ከጉዳቱ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት በጉልበት ዙሪያ ያለው የጭንና የቅልጥም አጥንት ከማዕድኑ ሲሶውን፣ አንዳንዴም ግማሹን ያጣል። እነዚህ ሰዎች ከዊልቸር ወደ አልጋ ሲዘዋወሩ፣ ሱሪ ሲለብሱ እንኳን የሚሰበሩበት ጊዜ አለ። ሲሰበሩም አያማቸውም። ችግሩ ሁሉ እዚህ ላይ ይገናኛል፦ ምቱን የሚያለዝብ ጡንቻ የለም፣ አጥንቱ ሳስቷል፣ “ተጎዳሁ” ብሎ የሚጮኽ ነርቭም የለም።

አሁን በዚህ ሰው ላይ ከ12 እስከ 25 ኪሎ የሚመዝን ማሽን አልብሱት። በአብዛኞቹ ማሽኖች ቁርጭምጭሚት ላይ ሞተር የለም፣ ሞላ ብቻ ነው ያለው። ጉልበቱ መሬት ሲነካ ቀጥ ብሎ ይቆለፋል፤ ምክንያቱም ቢታጠፍ ሰውየው ይወድቃል። እንግዲህ ተረከዙ ሲያርፍ ምቱ የሚያልፍበት መንገድ ከተረከዝ እስከ ዳሌ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። ማሽኑን ለብሰው ሲራመዱ የተረከዝና የቅልጥም አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎች ጉዳይ በሕክምና መጽሔቶች ላይ ታትሟል።

አንዱን እኔም አይቻለሁ። በሠላሳዎቹ ውስጥ የሚገኝ፣ ከወገቡ በታች የማይሰማው ሰው ነው፤ ማሽኑን መለማመድ ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ሐኪም ልየው አላለም። ለፊዚዮቴራፒስቱ “የግራ ካልሲዬ ጠበበኝ” ነው ያለው። እግሩ አብጧል፣ ይሞቃል። መጀመሪያ የደም መርጋት ነው ተብሎ በአልትራሳውንድ ታየ፤ ነጻ ነው። ራጅ ሲነሳ የተረከዝ አጥንቱ ተሰንጥቋል። የወደቀበት፣ የተጋጨበት ቀን የለም። የማሽኑ መዝገብ ሁሉንም የልምምድ ቀን “የተሳካ” ይላል፤ የእርምጃው ቁጥር በየቀኑ እየጨመረ ነበር። በኋላ አንድ መሐንዲስ የሞተሩን መረጃ ዝርዝር አውጥቶ ሲያይ፣ የግራ እግሩ ባረፈ ቁጥር የጉልበቱ ሞተር ከረንት እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሰውየው ክብደቱን የሚያዛውረው ዘግይቶ ስለነበር እግሩ መሬትን የሚያገኛት ከተጠበቀው ቀድሞ ነው፤ ማሽኑ ግን ገና እየዘረጋው ነው። መሬቱን እየገፋ ነበር ማለት ነው። መረጃው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው አለ፤ ማሽኑ ለማንም እንዲናገር አልተሠራም እንጂ።

ይህን ሳስረዳው ታካሚው አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ “እኔስ አይሰማኝም፤ ማሽኑም አይሰማውም ማለት ነው?”

ከዚያ ወዲህ ከመሐንዲሶች ጋር ስቀመጥ የማነሳው ይህንኑ ነው። የሚገርመው መልሱ ሩቅ አይደለም፤ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው። የሚወርድ ነገር የያዘውን ጉልበት ያራግፋል፤ የሚያራግፍበት ርቀት ካጠረ ኃይሉ ይበዛል። ለምሳሌ እግርና ማሽኑ አብረው 15 ኪሎ ይሁኑና በሰከንድ በግማሽ ሜትር ፍጥነት ይውረዱ። በሁለት ሚሊ ሜትር ውስጥ ካስቆማችኋቸው አማካይ ኃይሉ 95 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ እንደመጫን ነው። በአሥር ሚሊ ሜትር ውስጥ ካስቆማችኋቸው 19 ኪሎ ይሆናል። ልዩነቱ ስምንት ሚሊ ሜትር ነው፤ የጣት ውፍረት እንኳን አይሞላም። ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንሱት ደግሞ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ እዚህ ላይ ፍጥነት በራሱ ይባዛልና።

ስለዚህ የመጀመሪያው መላ አወራረዱን ማስተካከል ነው። ያንቀላፋ ሕፃን አልጋ ላይ የሚያስተኛ ሰው የመጨረሻዋን ስንዝር እንዴት እንደሚያወርደው አይታችኋል? ኮምፒውተሩም የእግሩን መንገድ ሲያሰላ፣ መሬት ሲቃረብ ወደ ታች ያለው ፍጥነት ወደ ዜሮ እንዲጠጋ አድርጎ ማስላት ይችላል። ዋጋ አለው፤ እርምጃው ይዘገያል። እነዚህ ማሽኖች ድሮም በአማካይ በሰከንድ ከ0.26 ሜትር ብዙ አይርቁም። አሥር ሜትር መንገድ ለመሻገር አርባ ሰከንድ ገደማ ማለት ነው፤ እኛ በስምንት ሰከንድ የምንሻገረውን። ታካሚዎች ፍጥነት ይፈልጋሉ፣ ሻጮችም ይፈልጋሉ፤ የሚጨመረው ፍጥነት ግን ብዙውን ጊዜ ከማረፊያው ላይ ነው የሚቀነሰው።

ይህ ስሌት ደግሞ መሬቱ የት እንዳለ ካወቅን ነው የሚሠራው። ምንጣፍ፣ የበር ደፍ፣ የዘገየ ክብደት፣ ሁሉም ስሌቱን ያፈርሰዋል። እዚህ ላይ “ሴንሰር ይኑረውና ሲነካ ያቁም” ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር፣ ሳቁብኝ። ኮምፒውተሩ በአንድ ሚሊ ሰከንድ ሊያውቅ ይችላል፤ ሞተሩ ግን ቶሎ አይለቅም። ምክንያቱ ማርሹ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ፈጣንና ደካማ ስለሆነ ሰው ለማንሳት ፍጥነቱ በማርሽ፣ ብዙ ጊዜ መቶ ለአንድ አካባቢ ይወርዳል። የተበላሸ መኪና ገፍታችሁ የምታውቁ፣ ካምቢዮው አንደኛ ማርሽ ላይ ከሆነ መኪናው ንቅንቅ እንደማይል ታውቃላችሁ። እንደዚያ ነው። መሬት እግሩን መልሳ ስትገፋ ያቺ ትንሽ ሞተር ከውጭ የምታሳየው ኢነርሺያ መቶ እጥፍ ሳይሆን መቶ በመቶ ተባዝቶ፣ 10,000 እጥፍ ነው። እግር ላይ የማይታይ መዶሻ አስረናል ማለት ነው።

ለዚህ ሁለት ዓይነት መልስ አለ። አንዱ ማርሹን መቀነስና ሰፋ ያለ፣ ጠንካራ ሞተር መጠቀም ነው። ሌላውን በ1995 ኤምአይቲ ውስጥ ጊል ፕራትና ማቲው ዊሊያምሰን ጽፈውታል፤ በሞተሩና በመገጣጠሚያው መካከል ሆን ብሎ ሞላ ማስገባት። እስከዚያ ጊዜ የሮቦት ሰዎች ግትርነትን እንደ ጥራት ነበር የሚቆጥሩት። ሞላው ምቱን ሞተሩ ከመድረሱ በፊት ይቀበለዋል፤ በዚያ ላይ ምን ያህል እንደተጨመቀ ስለሚለካ ማሽኑ የሚደርስበትን ኃይል ያውቃል። ለታካሚዬ ጥያቄ ከሰማኋቸው መልሶች የሚቀርበው ይህ ነው፤ ማሽኑ እንዲሰማው የሚያደርግ ነገር ነው። ቁርጭምጭሚትንም በሞተር የሚያንቀሳቅሱ አሉ፤ የፈረንሳዩ ዋንደርክራፍት የሠራው አታላንቴ ክራንች ሳያስፈልገው በ12 ሞተራም መገጣጠሚያዎች ይራመዳል። እግሩን ሊያለሳልስ ይችላል፣ ግን ማሽኑ ራሱ ከባድ ነው። ክብደት በጨመረ ቁጥር ደግሞ የማረፊያው ጉዳይ ይብሳል።

“ታዲያ ጫማው ሥር ወፍራም ስፖንጅ አድርጉበትና ይለቅ” የሚል ሁልጊዜ አለ። በጎ ሐሳብ ነው፣ እስከ ተወሰነ ድረስ። ፍራሽ ላይ በአንድ እግራችሁ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እግሩ የማይሰማው ሰው እንደዚያ ሲንሳፈፍ ክራንቹ ላይ ይሰቀላል፣ ትከሻው ይጎዳል፣ ሊወድቅም ይችላል። የቆመበት እግር ስፖንጁን ሲጨፈልቀው ደግሞ የሚራመደው እግር ጣት መሬት ይጎትታል። እኔ ያየሁት የሚሻለው ተረከዙ ጋ ብቻ ለስላሳ፣ ከፊት ጠንካራ የሆነ ሶል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ እንዳይሳሳት እፈልጋለሁ። ኃይሉን ዜሮ ማድረግ አይደለም የምንፈልገው። ዩሊዩስ ቮልፍ በ1892 የጻፈውን ሁላችንም ለፈተና ሸምድደነዋል፤ አጥንት እንደሚሸከመው ጭነት ነው የሚሠራው። ያለ ጭነት ነው ድሮም የሳሳው። እኛ የምንፈልገው ክብደቱ በሙሉ አጥንቱ ላይ እንዲያርፍ ነው፣ ግን ጊዜ ወስዶ፣ ተንደርድሮ ሳይሆን።

ወደ እኛ ሥራ ልምጣ። አንድ ታካሚ ለዚህ ማሽን ሲታጭ ሐኪሙ ፊርማውን ያኖራል። የዳሌ አጥንት ውፍረት ብቻ ለክቶ መፈረም አይበቃም፤ የሚሰበረው ጉልበት ዙሪያና ከዚያ በታች ነውና እዚያው ይለካ። ሻጩ “በቀን ስንት እርምጃ” ሲለን እኛ “እያንዳንዱ እንዴት ነው የሚያርፈው፣ መዝገቡን አሳየን” ማለት አለብን። ከልምምድ በኋላ ካልሲ ይውለቅ፣ ሁለቱ እግሮች በእጅ ጀርባ ይዳሰሱ፣ ቁርጭምጭሚቱ በሜትር ይለካ። ይህ ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እኔ ባለሁበት ክፍል አሁን የማይታለፍ ሆኗል፤ አንድ ሁለት ፊዚዮቴራፒስቶች አጉረምርመውብኛል፣ ይሁን።

“ይሄ ሁሉ ለአዲስ አበባ ምን ያደርጋል?” የምትሉ እንዳላችሁ ፊታችሁ ላይ አነባለሁ። ልክ ናችሁ፤ 91 ሺህ ዶላሩ ነገ አይመጣም። ማሽኑ ቢመጣም ከኮብልስቶኑ ጋር ይጣላል። ግን ጉልበቱ ተቆልፎ የሚራመድ ሰው እዚህ ሀገር ሞልቷል። ፖሊዮ የያዛቸው፣ ህብለ ሰረሰራቸው በከፊል የተጎዳ፣ ከጭን እስከ እግር የሚደርስ የፖሊፕሮፒሊን ድጋፍ አስረው በሁለት ክራንች ሁለቱን እግር አንድ ላይ እያነሱ የሚሄዱ ሰዎች። ሞተር የለውም እንጂ ምቱ ያው ነው፦ የተቆለፈ ጉልበት፣ የሳሳ አጥንት፣ ጠንካራ ሶል፣ ያውም አስፋልት ላይ። ለተቆረጠ እግር የሚሠራው ተራ ሰው ሠራሽ እግር እንኳን ተረከዙ ውስጥ ለስላሳ ሽብልቅ አለው፤ ካሊፎርኒያ በርክሊ ውስጥ በ1950ዎቹ ነው የተፈለሰፈው፣ ዛሬም በርካሽ ይመረታል። ያንን ሐሳብ ወደ ድጋፍ ጫማው ማምጣት የጫማ ሠሪና የአንድ ጥሩ ኦርቶቲስት ሥራ ነው።

መለኪያውም አይከብድም። የፍጥነት ለውጥን በሰከንድ አንድ ሺህ ጊዜ የሚመዘግብ ቺፕ ዛሬ በጥቂት ዶላር ይገዛል። ቅልጥም ላይ ታስሮ አሥር እርምጃ ብቻ ቢኬድበት ያቺ ሹል ምት ወረቀት ላይ ትወጣለች፤ ሶሉ ሲቀየር ምን ያህል እንደቀነሰችም እንዲሁ። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ለዚህ አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ መቶ ገደማ ስለሚመዘግብ ምቷ በሁለት ንባብ መካከል ትሾልካለች። አዲስ አበባም ጅማም ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ልጆች አሉን፤ የመመረቂያ ርዕስ ፍለጋ እንደሚንከራተቱ ከራሳቸው ሰምቻለሁ። ታካሚዎቹ ደግሞ የእናንተ ክሊኒክ በር ላይ ናቸው። ከዚህ አዳራሽ የምፈልገው አንድ የፋኩልቲ አባልና አንድ ኦርቶቲስት ነው፤ መለኪያውንና የሶል ዕቃውን እኔ እልካለሁ፣ በየሁለት ሳምንቱም ማታ ማታ በስልክ አብሬ እቀመጣለሁ።

አንዱን መለኪያ ይዤው መጥቻለሁ፤ ከክብሪት ቀፎ ያንሳል። ከሻይ በኋላ ኮሪደሩ ላይ የምትፈቅዱልኝን ቅልጥማችሁ ላይ አስሬ አስኬዳችኋለሁ፤ አንዴ እንደልማዳችሁ፣ አንዴ ጉልበታችሁን ሳታጥፉ። ባለ ታኮ ጫማ ያደረጋችሁ ቀድማችሁ ኑ።